ያገለገለ አሮጌ ብስክሌት፦ አመራረጡ፣ አፈታቱና ዕቃዎቹን የማዳን ሙያ

ብስክሌት ከተሠራ ከሃምሳና ከስልሳ ዓመት በኋላ እንኳ በእጅ መሣሪያ ብቻ እስከ መጨረሻው ብሎን ድረስ ተፈቶ፣ ታጥቦና ግራሶ ተቀብቶ እንደገና ሊገጠም ከሚችሉ ጥቂት የፋብሪካ ውጤቶች አንዱ ነው። በተለይም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ከ1930ዎቹ እስከ 1980ዎቹ በእንግሊዝ፣ በጣሊያን፣ በፈረንሳይና በጃፓን ከብረት ቱቦ የተሠሩት ብስክሌቶች፣ አንዱ ክፍል ሲያልቅ እርሱ ብቻ ተለውጦ ቀሪው ሥራውን እንዲቀጥል ታስበው የወጡ ስለሆኑ፣ እያንዳንዱ ክፍላቸው የሚፈታበት የራሱ መንገድ አለው። ስለዚህ ቀለሙ የረገፈ፣ ጎማው የተሰነጣጠቀና ሰንሰለቱ የዛገ ብስክሌት ለሽያጭ ሲቀርብ ዋጋው በመልኩ ሊመዘን አይገባም፤ የሚመዘነው በላዩ ላይ ገና ባላለቀው ዕቃና ያ ዕቃ ሳይሰበር ሊወጣ በመቻሉ ነው።

የአሮጌ ብረትን ዋጋ ማወቅ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ እንግዳ ነገር አይደለም። በየሰፈሩ እየዞረ ያረጀ ዕቃ የሚገዛው ቆራሌም ሆነ፣ በመርካቶ ምናለሽ ተራ የተጣለን ብረት ቀጥቅጦና በይዶ ለሌላ አገልግሎት የሚያበቃው ባለሙያ፣ ያረጀ ሁሉ ያለቀለት እንዳልሆነ በሥራቸው ያሳያሉ። የአሮጌ ብስክሌት ሙያ ግን ከእነርሱ በአንድ ነገር ይለያል፤ እዚህ ብረቱ የሚፈለገው ቀልጦ ወይም ተቀጥቅጦ ሌላ ነገር እንዲሆን ሳይሆን፣ ከፋብሪካ የወጣበትን ልክ እንደያዘ ወደ ቀድሞ ሥራው እንዲመለስ ነው። በዚህም ምክንያት ሙያው ከጉልበት ይልቅ ልክ ማወቅን ይጠይቃል።

ለዚህ ሙያ መሠረት የሆነው የብስክሌት ቅርጽ ለረጅም ጊዜ ሳይለወጥ መኖሩ ነው። እንግሊዛዊው ጆን ኬምፕ ስታርሊ በ1885 ሮቨር የተባለውን ብስክሌት ሲያወጣ፣ ሁለቱ ጎማዎች በመጠን ተቀራርበው፣ ነጂው በመካከላቸው ተቀምጦ፣ የፔዳሉ ኃይል በሰንሰለት ወደ ኋላ ጎማ እንዲተላለፍ አደረገ፤ ጆን ቦይድ ደንሎፕም በ1888 በአየር ለሚነፋ ጎማ የፈጠራ መብት አገኘ። ዛሬ በመንገድ ላይ የሚታየው ብስክሌት በመሠረቱ የእነዚህ የሁለቱ ሥራዎች ወራሽ ነው። ለምሳሌ በሰንሰለት ላይ ከአንዱ መጋጠሚያ እስከ ቀጣዩ ያለው ርቀት 12.7 ሚሊ ሜትር መሆኑ ዛሬም ስላልተለወጠ፣ የአያት ዘመን ብስክሌት የፊት ጥርስ በዚህ ርቀት እስከተሠራ ድረስ ዛሬ የሚመረት ሰንሰለት ይቀበላል።

ስለ ዕቃዎቹ ከመናገር በፊት ስማቸውን ማስታወስ ይጠቅማል። በአማርኛ የጥገና ሙያ ውስጥ ከጣሊያንኛ የተወረሱ ቃላት ብዙ ሲሆኑ፣ ጎማው የሚቀመጥበት ክብ ብረት ቸርኬ፣ ከቸርኬው ወደ መሃል የሚወጠሩት ቀጫጭን ሽቦዎች ራጂ፣ ራጂዎቹ የሚሰባሰቡበት መሃለኛ ክፍል ሞዞ፣ በሚዞርና በማይዞር ክፍል መካከል ሆኖ ሰበቃን የሚቀንሰው ኩሽኔታ፣ ብሎኑን ከጫፉ የሚያጠብቀው ዳዶ፣ በብሎኑና በዳዶው ላይ የተቀረጸው ጥምዝ ጥርስ ደግሞ ፊሌቶ ይባላል። ከዚህ በታች ያለው ማብራሪያ በእነዚህ ስሞች ይጠቀማል።

ፍሬሙን መመርመር

የግዢው ምርመራ የሚጀምረው ከፍሬሙ ነው። ፍሬም የሚባለው ቱቦዎች ተጋጥመው የሚሠሩት የብስክሌቱ ዋና አካል ሲሆን፣ የሌላው ዕቃ ሁሉ ዕጣ የሚወሰነው በእርሱ ጤንነት ነው። በቀድሞው አሠራር የቱቦዎቹ ጫፎች በብረት እጅጌዎች ውስጥ ገብተው፣ በቱቦውና በእጅጌው መካከል የሚቀረው ጠባብ ክፍተት በቀለጠ ናስ ወይም ብር ባለበት ቅይጥ ይሞላል፤ ይህ ዓይነቱ ብየዳ ቱቦውን ራሱን ስለማያቀልጠው፣ የተጎዳ ቱቦ በሠለጠነ እጅ ወጥቶ በሌላ ሊተካ ይችላል። ከቱቦ ሠሪዎቹ መካከል የበርሚንግሃሙ ሬይኖልድስና የሚላኑ ኮሎምበስ በጥራታቸው የታወቁ ሲሆኑ፣ ሬይኖልድስ በ1935 ያወጣው 531 የተባለው የማንጋኒዝና የሞሊብዲነም ቅይጥ ብረት ለብዙ አሥርት ዓመታት የጥሩ ብስክሌት መለያ ሆኖ ቆይቷል። ኢትዮጵያ በ1956 በሜልቦርን ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሎምፒክ ስትካፈል ከሯጮቿ ጋር ብስክሌተኞችንም አሰልፋ ነበር፤ በዚያ ዘመን የዓለም የውድድር ብስክሌት የሚሠራው በአብዛኛው ከእንዲህ ዓይነቱ የብረት ቱቦ ነበር።

የጥሩ ቱቦ ግድግዳ ብየዳ በሚያርፍበት ጫፉ ወፍሮ በመሃሉ ስስ ስለሚደረግ፣ ፍሬሙ ጥንካሬውን ሳያጣ ክብደቱ ይቀንሳል። ይህን የሚናገረው የፋብሪካ ምልክት ከቱቦው ላይ ተፍቆ ቢጠፋ እንኳ የኮርቻው ምሰሶ ምስክር ይሆናል፤ የኮርቻ ምሰሶ ማለት ኮርቻውን ተሸክሞ ወደ ቱቦው ውስጥ የሚገባው ዘንግ ነው። የውጭ ስፋቱ 28.6 ሚሊ ሜትር በሆነ የተለመደ ቱቦ ውስጥ የገባው ምሰሶ 27.2 ሚሊ ሜትር ከሆነ የቱቦው ግድግዳ ስስ፣ ፍሬሙም ከጥሩዎቹ ወገን የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው፤ ምሰሶው ወደ 25.4 ሚሊ ሜትር የሚቀርብ ከሆነ ግን ግድግዳው ወፍራምና ቱቦው ተራ መሆኑን ያመለክታል።

ከጥራቱ ቀጥሎ የሚፈተሸው ጉዳቱ ነው። ብስክሌቱ ከፊት ተጋጭቶ የሚያውቅ ከሆነ፣ ከመሪው በስተኋላ ባሉት በላይኛውና በታችኛው ቱቦዎች ሆድ ላይ ጣት ሲንሸራተት የሚታወቅ ትንሽ እብጠት ወይም የቀለም መሰነጣጠቅ ይገኛል። ስንጥቅ በብዛት የሚጀምረው የፔዳሉ ዘንግ በሚያልፍበት ክፍል ዙሪያና የኋላው ጎማ በሚታሰርባቸው ጫፎች ላይ በመሆኑ እነዚህ ቦታዎች ቆሻሻቸው ተጠርጎ በብርሃን መታየት አለባቸው። ፍሬሙ ወደ ጎን መጣመሙን ለማወቅ ደግሞ አንድ ክር ይበቃል፤ የኋላው ጎማ ወጥቶ፣ ክሩ ከአንደኛው የኋላ ጫፍ ተነሥቶ፣ በመሪው ቱቦ ዞሮ ወደ ሌላኛው የኋላ ጫፍ ከተወጠረ በኋላ፣ ከኮርቻው ቱቦ ግራና ቀኝ እስከ ክሩ ያለው ርቀት ይለካል፤ ሁለቱ ልኮች እኩል ከሆኑ ፍሬሙ ቀጥ ያለ ነው። በመጨረሻም በአብዛኞቹ ብስክሌቶች ከፔዳሉ ዘንግ ቤት ሥር የሚገኘው የፍሬም ቁጥር መፋቅ አለመፋቁ ይታያል፤ ሆን ተብሎ የተፋቀ ቁጥር ብስክሌቱ የተሰረቀ ሊሆን እንደሚችል ስለሚያስጠረጥር፣ ዋጋው ምንም ያህል ዝቅ ቢል አለመግዛት ነው።

የዕቃውን ዕድሜ ማንበብ

ብዙዎቹ የድሮ ፋብሪካዎች የሠሩበትን ጊዜ በዕቃው ላይ አትመውታል። በእንግሊዝ ኖቲንግሃም ይሠራ የነበረው ስተርሚ አርቸር በኋላ ሞዞዎቹ ላይ ዓመቱንና ወሩን በቁጥር ይቀርጽ ስለነበር፣ 64 እና 5 የተጻፈበት ሞዞ በግንቦት 1964 የተሠራ ነው። የጃፓኑ ሺማኖ ከ1976 ጀምሮ በሁለት የላቲን ፊደላት ሲጠቀም፣ የመጀመሪያው ፊደል ዓመቱን፣ ሁለተኛው ወሩን ያመለክታል፤ ኤ 1976ን፣ ቢ 1977ን እያለ ስለሚቀጥል፣ ጂ እና ሲ የታተመበት ዕቃ የመጋቢት 1982 ሥራ ነው። ቱሊዮ ካምፓኞሎ በ1933 በጣሊያን ቪቼንዛ ያቋቋመው ፋብሪካም በ1967 ያወጣው ኑኦቮ ሪከርድ የተባለ የማርሽ መቀየሪያ በላዩ ባለው የፈጠራ መብት ጽሑፍ አጠገብ የዓመት ቁጥር ይዞ ይገኛል።

እነዚህ ምልክቶች የሚነግሩት የዕቃውን ዕድሜ እንጂ የብስክሌቱን አይደለም፤ ጎማ፣ ፔዳልና መሪ በየጊዜው ስለሚለወጡ በአንድ ብስክሌት ላይ የሦስት አሥርት ዓመታት ዕቃ ተቀላቅሎ ሊገኝ ይችላል። ይህ መቀላቀል ብስክሌቱን እንደ ቅርስ አስመልሶ ለማቆም ለሚያስብ ሰው ጉድለት ሲሆን፣ ዕቃ ለማውጣት ለሚገዛው ግን አንዳንድ ጊዜ ዕድል ነው፤ ተራ በሆነ ፍሬም ላይ ከፍሬሙ የሚበልጥ ጎማ ሊገጠም ይችላልና።

ለመዳን የበቃው ዕቃ፦ ባለ ሦስት ማርሹ ሞዞ

ከአሮጌ ብስክሌት የሚወጣ ዕቃ ምን ያህል ረጅም ዕድሜ እንዳለው ከስተርሚ አርቸር ባለ ሦስት ማርሽ የኋላ ሞዞ የበለጠ የሚያሳይ የለም። በ1930ዎቹ ወጥቶ በራሌይና በሌሎች የእንግሊዝ ብስክሌቶች ላይ በብዛት የተገጠመው ይህ ሞዞ ማርሾቹን በሆዱ ውስጥ ደብቆ ስለሚይዝ ዝናብና አቧራ በቀላሉ አይደርሱበትም። በመሃሉ ከዘንጉ ጋር የተያያዘ የማይዞር ባለ 20 ጥርስ ማርሽ አለ፤ በዙሪያው ባለ 20 ጥርስ ትናንሽ ማርሾች ይዞሩበታል፤ እነዚህን ደግሞ ጥርሶቹ ወደ ውስጥ የሆኑ ባለ 60 ጥርስ ቀለበት ይከባቸዋል። ኃይሉ በትናንሾቹ ማርሾች ተሸካሚ ገብቶ በቀለበቱ ሲወጣ ፍጥነቱ በአንድ ሦስተኛ ይጨምራል፤ በቀለበቱ ገብቶ በተሸካሚው ሲወጣ በአንድ አራተኛ ይቀንሳል፤ በመካከለኛው ማርሽ ግን ሳይለወጥ ያልፋል። ለምሳሌ የፊቱ ጥርስ 48፣ የኋላው 18 ቢሆን፣ ፔዳሉ አንድ ጊዜ ሲዞር የኋላው ጎማ በዝቅተኛው ማርሽ 2 ጊዜ፣ በመካከለኛው 2.67 ጊዜ፣ በከፍተኛው ደግሞ 3.56 ጊዜ ይዞራል።

የዚህ ሞዞ ዋና ጠላት እርጅና ሳይሆን የዘይት እጦት ነው። ለዓመታት ቆሞ የነበረ ሞዞ ማርሽ መያዝ ቢያቅተው፣ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ የረጋ ዘይት በውስጡ ያሉትን ትናንሽ መንጠቆዎች ማጣበቁ ነው፤ በጎኑ ባለው የዘይት ቀዳዳ ቀጭን ዘይት ሲገባበትና ለጥቂት ቀን ሲቆይ ወደ ሥራው የሚመለስበት ጊዜ ብዙ ነው። በኖቲንግሃም የነበረው ምርት በ2000 ተቋርጦ ወደ ታይዋን ቢዛወርም፣ ስያሜው በአዲስ ባለቤት እጅ ባለ ሦስት ማርሽ ሞዞ ማውጣቱን ቀጥሏል። ስለዚህ እንዲህ ያለ ሞዞ የያዘ ብስክሌት ፍሬሙ ከጥቅም ውጪ ቢሆን እንኳ ሊገዛ የሚገባው ነው።

አፈታቱና ቅደም ተከተሉ

በዚህ ሙያ ብዙ ዕቃ የሚጠፋው በዝገት ሳይሆን በችኮላ ነው። መጀመሪያ የሚደረገው በእያንዳንዱ ብሎንና መጋጠሚያ ላይ ዝገት የሚያላቅቅ ቀጭን ዘይት አንጠባጥቦ ቢያንስ አንድ ሌሊት ማሳደር ነው። ቀጥሎም ብስክሌቱ ገና በጎማዎቹ ቆሞ ሳለ ብዙ ጉልበት የሚጠይቁት ክፍሎች ይላላሉ፤ ፍሬሙ ባዶ ከሆነ በኋላ የሚይዘው ነገር ስለማይኖር ያው ብሎን ሁለት እጥፍ ያስቸግራል። የቀኙ ፔዳል እንደ ማንኛውም ብሎን ወደ ግራ ሲዞር ይፈታል፤ የግራው ፔዳል ግን በአገልግሎት ላይ ሳለ ራሱ እንዳይፈታ ሲባል ፊሌቶው ተገልብጦ ስለተቀረጸ የሚፈታው ወደ ቀኝ ሲዞር ነው። ይህን ሳያውቅ በጉልበት የሚታገል ሰው ፔዳሉን ይበልጥ ያጠብቀዋል።

በብዙ የድሮ ብስክሌቶች የፔዳሉ ክንድ ከዘንጉ ጋር የሚያያዘው በሽብልቅ፣ ማለትም አንድ ጎኑ ሰያፍ ሆኖ በተሞረደ የብረት ችንካር ነው። ሽብልቁን በመዶሻ መምታት ጫፉን ያሰፋዋል፣ ኩሽኔታውንም ይጎዳል፤ ስለዚህ ዳዶው ከሽብልቁ ጫፍ ጋር እኩል እስኪሆን ብቻ ይላላና ክንዱ ከጀርባው ሽብልቁ ሊገባበት በሚችል አጭር ቱቦ ተደግፎ በሞርሳ ቀስ ብሎ ይገፋል። አሮጌው ሽብልቅ ርካሽ ስለሆነ ሁልጊዜ በአዲስ ይተካል፤ የሚፈለገው ክንዱንና ዘንጉን ማዳን ነው።

የኋላ ጥርሶችን የያዘውና ፔዳል መምታት ሲቆም ጎማው በነጻ እንዲሽከረከር የሚያደርገው ክፍል በነጂው ጉልበት ዓመት ሙሉ እየጠበቀ ስለሚኖር፣ ሲፈታ ጎማውን እንደ መያዣ አድርጎ መጠምዘዝ ያስፈልጋል። ራጂዎቹን አስቀድሞ የቆረጠ ሰው ሞዞውን በእጁ ይዞ ይቀራል፤ ጥርሶቹን ለማውጣት የሚረዳው ክብ ግን ከእርሱ ጋር የለም። ከዚህ የተነሣ ጥርሶቹ ሳይወጡ ራጂ መቁረጥ በዚህ ሙያ ከማይደረጉ ነገሮች ዋነኛው ነው።

ከሁሉ የሚከብደው በብረት ቱቦ ውስጥ ተጣብቆ የቀረ የአልሙኒየም የኮርቻ ምሰሶ ነው። ሁለቱ ብረቶች እርጥበት ባለበት ሲነካኩ አልሙኒየሙ እየተበላ ነጭ ዱቄት መሰል ዝቃጭ ይፈጠራል፤ ይህ ዝቃጭ ከመጀመሪያው ብረት የሚበልጥ ቦታ ስለሚይዝ ምሰሶውን ያጣብቀዋል። ተራ ዘይት ካልፈታው አሞኒያ ዝቃጩን ሊያላላው ይችላል፤ ሥራው ግን አየር በሚዘዋወርበት ቦታ መከናወን አለበት። አልሙኒየም በሙቀት መለዋወጥ ከብረት ወደ ሁለት እጥፍ የሚጠጋ ስለሚሰፋና ስለሚኮማተር፣ ምሰሶውን በበረዶ ማቀዝቀዝም ይረዳል። ይህ ሁሉ ሳይሳካ ሲቀር ምሰሶው ተቆርጦ፣ ውስጡ የቀረው በሰጌቶ፣ ማለትም በብረት መጋዝ፣ በቁመቱ ተሰንጥቆ ይወጣል፤ ምሰሶው ይጠፋል፣ ፍሬሙ ግን ይተርፋል።

ልክ የሚለያየው የት ነው?

አንድ ዕቃ በጤና መውጣቱ ለሌላ ብስክሌት ይሆናል ማለት አይደለም። የፔዳሉ ዘንግ በሚያልፍበት ቤት የእንግሊዝ ፊሌቶ ስፋቱ 1.37 ኢንች ሆኖ በኢንች 24 ጥርስ ያለው ሲሆን፣ በሰንሰለቱ በኩል ያለው ፊሌቶ የተገለበጠ ነው፤ የጣሊያኑ 36 ሚሊ ሜትር ሆኖ በሁለቱም በኩል እንደ ተራ ብሎን ይጠብቃል፤ የቀድሞው የፈረንሳይ ልክ ደግሞ 35 ሚሊ ሜትር ነው። ራሌይ ለራሱ ብስክሌቶች ለብዙ ዘመን በኢንች 26 ጥርስ ያለው ፊሌቶ ይጠቀም ስለነበር፣ ዕቃው ከሌላ የእንግሊዝ ብስክሌት ጋር በዓይን ቢመሳሰልም አይገጥምም። ለዓይን የሚቀራረቡትን እነዚህን ፊሌቶዎች በጉልበት ማጋጠም ሁለቱንም ዕቃ ያበላሻል።

የጎማ ልክም እንዲሁ አሳሳች ነው። ጎማው በቸርኬው ላይ የሚቀመጥበት ክብ ስፋት በውድድር ብስክሌቶች 622 ሚሊ ሜትር፣ 27 ኢንች በሚባለው 630፣ በእንግሊዝ ባለ ሦስት ማርሽ ብስክሌቶች በብዛት 590፣ ረጃጅም በሆኑት የጭነትና የመንገድ ብስክሌቶች ደግሞ 635 ነው። በ622 እና በ630 መካከል ያለው ልዩነት 8 ሚሊ ሜትር ብቻ ቢሆንም ጎማዎቹ አይለዋወጡም። የኋላው ሞዞ የሚገባበት የፍሬም ክፍተትም ከኋላ ባለ 5 ማርሽ በሆኑት 120፣ ባለ 6 እና ባለ 7 በሆኑት 126 ሚሊ ሜትር ስለሆነ፣ ዕቃ ፈልጎ የሚገዛ ሰው መለኪያና የልኮች ማስታወሻ ይዞ ቢሄድ ከብዙ ኪሳራ ይድናል።

የወጣውን ዕቃ መለየት

የተፈታው ዕቃ ሁሉ እንደ ወጣበት ቅደም ተከተል በሽቦ ላይ ተሰክቶ መቀመጥ ይገባዋል። በድሮ ብስክሌት ኩሽኔታ ማለት በጎድጓዳ መቀመጫና በሾጣጣ ብሎን መካከል የተደረደሩ የብረት ኳሶች ናቸው፤ በኋላው ሞዞ ብዙውን ጊዜ በእያንዳንዱ ጎን 9፣ በፔዳሉ ዘንግ ደግሞ በእያንዳንዱ ጎን 11 ባለ ሩብ ኢንች ኳሶች ይገኛሉ። ኳሶቹ ዋጋቸው ትንሽ ስለሆነ ሁልጊዜ ይለወጣሉ። የሾጣጣው ብሎን መንገድ በእስክሪብቶ ጫፍ ሲዳሰስ ጉድጓድ ካለው እርሱም ይጣላል፤ የሞዞው ጎድጓዳ መቀመጫ ግን ብዙ ጊዜ አብሮ የተሠራና የማይለወጥ ስለሆነ፣ የሞዞውን ዕጣ የሚወስነው የእርሱ ልስላሴ ነው። ሰንሰለቱ 24 እርከኖቹ ሲለኩ 304.8 ሚሊ ሜትር መሆን ሲገባቸው ወደ 308 ከደረሱ ማለቁ የታወቀ ነው፤ ጥርሶቹንም አብሮ በልቷቸው ሊሆን ይችላል።

በክሮም የተለበጠ ዕቃ ላይ ያረፈ ቀላል ዝገት በውኃ በተነከረ የአልሙኒየም ወረቀት ሲታሽ ይለቃል፤ አልሙኒየሙ ከክሮሙ የለሰለሰ ስለሆነ አይቧጭረውም። የቆዳ ኮርቻ፣ እንደ በርሚንግሃሙ ብሩክስ ያለው፣ ቆዳው ካልተቀደደ በቅባት ተመግቦና በፊቱ ባለው ማወጠሪያ ብሎን ተወጥሮ ወደ ቀድሞ ቅርጹ ሊመለስ ይችላል። በሌላ በኩል የፍሬን ገመድ፣ የፍሬን ጎማና ውጫዊ ጎማ የሰው ሕይወት የሚንጠለጠልባቸው በመሆናቸው መልካቸው ደህና ቢመስልም በአዲስ ይተካሉ። ከአልሙኒየም የተሠራ መሪና የመሪ አንገትም የፀጉር ያህል ስንጥቅ ከታየበት አይጠገንም፤ አልሙኒየም ብዙ ምልክት ሳይሰጥ በድንገት ስለሚሰበር መጣል አለበት።

እነዚህ ሁሉ ወደ አንድ ፍርድ ያመራሉ። ፍሬሙ ቀጥና ጤነኛ የሆነን አሮጌ ብስክሌት ለጥቂት ውድ ዕቃ ሲባል መበተን አይገባም፤ እንዲህ ያለው ብስክሌት የጎደለው ተሟልቶለት መንገድ ላይ ሊውል የተገባው ነው፤ አንዴ ከተበተነም በአንድነቱ የነበረው ዋጋ አይመለስም። ፍሬሙ የተሰነጠቀውን ወይም የተጣመመውን ግን ዕቃውን ሳያወጡ ለቁርጥራጭ ብረት መስጠት ጥፋት ነው፤ ከአንድ የማይነዳ ብስክሌት የወጣ አንድ ሞዞ፣ አንድ ጥንድ የፔዳል ክንድና አንድ ኮርቻ ሌሎች ሦስት ብስክሌቶችን ሊያስነሡ ይችላሉ። ስለዚህ አሮጌ ብስክሌት ሊገዛ የተነሣ ሰው አስቀድሞ ክርና መለኪያ ይያዝ፤ ከገዛም በኋላ መፍቻውን ከማንሣቱ በፊት ዘይቱን አንጠባጥቦ ይደር።